ለሁለት ጣት የተሠራ ሰሌዳ

ልጄ ፓንተሊስ የምግብ ቱቦውን አላስገባም ያለው ሐኪሟ ፊት ነው፤ እኔ ያጎረስኩት እርጎ አገጩ ላይ እየወረደ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። በሽታው ጡንቻ የሚያደርቅ ነው። ረጅም ስም አለው፣ እኔ ግን አልጠራውም፤ ለምን ብዬ አከብረዋለሁ? መጀመሪያ ግራ እጁን ወሰደ፣ ከዚያ ግራ እግሩን፣ ከዚያ ጉሮሮውን ማነቅ ጀመረ። ያ በር የሚጠበው ልጄ፣ ዛሬ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሳዞረው እኔ የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ አሮጊት አያቅተኝም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን አትዋሽም፤ ለዚህ እወዳታለሁ። «ቱቦው በሆዱ በኩል ይገባል፣ ምግቡ በዚያ ይሄዳል» አለች። «ግን ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ትንፋሹ ደግሞ እየደከመ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ከዚያ ካለፈ እኔም አልደፍርም።»

«አልፈልግም» አለ ፓንተሊስ።

«እስከ ዋዜማው ሐሙስ ከሰዓት አሥር ሰዓት ድረስ ሐሳብህን ከቀየርክ ደውልልኝ። ካልደወልክ ቦታውን ለሌላ በሽተኛ እሰጠዋለሁ።»

ቤት ገብተን ጮህኩበት። ጎረቤት ይስማ፣ ምን ቸገረኝ!

«በረሃብ ልትሞትብኝ ነው? እኔ ቤት? ግማሹን የፖርት ፒሪ ከተማ ያበላሁ ሴትዮ ነኝ እኮ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ሲል አልሰማሁም። የምትይው አንቺ ነሽ» አለ። ቃላቱ ይንሸራተቱበታል፤ እኔ ግን አንዱም አያመልጠኝም።

«ምን ላድርግልህ? አንድ ነገር ንገረኝና ላድርግ!»

ዓይኑን ወደ ጋራዡ መለሰ። «ያንን ማሽን በገዛ እጄ አንድ ዙር አጫውቺኝ። የዚያን ቀን እሺ እላለሁ።»

ዝም ሊያሰኘኝ ነው። የማይሆን ነገር ጠይቆ ሊገላገለኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሮ እናቱን አያውቃትም።

ማሽኑ የሱቃችን ነበር። ባሌና እኔ ከማቅለጫ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ሱቅ ያዝን፤ አይስክሬም፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የሥጋ ፓይ። በሩ አጠገብ ያ ከሰው የሚረዝም የጨዋታ ሳጥን ቆሞ ነበር። ከላይ ጢንዚዛዎች ይወርዳሉ፣ ከታች ያለችው መርከብ ግራና ቀኝ እየሸሸች ትተኩሳለች። ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል ማንሻ፣ በቀኝ በኩል ቀይ ቁልፍ። ፓንተሊስ በአሥራ ሦስት ዓመቱ በዚያ ማሽን ላይ የሚያህለው አልነበረም። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጥተው ሊገጥሙት ይሰለፉ ነበር፤ እኔም ለሰልፈኛው ድንች ጠብሼ እሸጥ ነበር። ሱቁን ስንዘጋ ሁሉንም ሸጥን፣ ማሽኑን ግን አልሸጥኩም። በጋራዡ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል።

ታዲያ ሰሌዳው ሁለት እጅ የሚጠይቅ ነው። ልጄ ያለው ቀኝ እጅ ብቻ፣ ከቀኝ እጁም አውራ ጣትና ሌባ ጣት።

በማግስቱ ጡረተኛ ወንዶች እንጨት እየላጉ ቀናቸውን ወደሚገፉበት ወርክሾፕ ሄድኩ። ሴት የምትገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ኬክ ይዛ። በሩ ላይ አንዱ፣ «እናት፣ እዚህ ወንዶች ብቻ ነው» አለኝ።

«እስካሁን ወንድ አላየሁም» አልኩትና አለፍኩ።

ሬክስ ጥግ ላይ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የቤት ዕቃ አናጺ ነበር፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት መጋዝ በልቶበታል። ሠላሳ ዓመት ከእኔ የሥጋ ፓይ ሲገዛ አንድ ቀን «ይጣፍጣል» ብሎኝ አያውቅም።

«ስታማትያ! የሬሳ ሳጥን ከሆነ ተራ ያዢ» አለኝ።

«አንተን ሳልቀብር የትም አልሄድም። ይልቅ ስማኝ» አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቱቦውን፣ ቀጠሮውን፣ የልጄን ውል። የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። ቀልዱን ትቶ ኮፍያውን አደረገ።

ቤት መጥቶ ማሽኑን አየ፣ የፓንተሊስን እጅ አየ። «ሁለቱንም አንድ እጅ ሥር እናመጣቸዋለን» አለ። «ማንሻው አውራ ጣቱ ሥር፣ ቁልፉ ሌባ ጣቱ ሥር። አዲስ ሰሌዳ እቆርጣለሁ። ግን እጁ እንደ ሰው እጅ አይዘረጋም፣ ተቆልምሟል። ጣቶቹ የት እንደሚያርፉ በትክክል ማወቅ አለብኝ።»

እሱን ለእኔ ተወው አልኩት። ከማቀዝቀዣው የቲማቲም ድልህ አመጣሁ፣ የፓንተሊስን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቀባሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ገንጥዬ ጀርባውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁ።

«አሁን ደግሞ ልትጠብሺኝ ነው?» አለ ፓንተሊስ።

«ሥጋ የለህም፣ ዝም በል። እጅህን ልቀቀው፣ በፈለገው ቦታ ይረፍ።»

አረፈ። ሁለት ቀይ ነጠብጣብ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ በግራ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ወደ መሐል። ሬክስ ወረቀቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞት ሄደ።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። አልሸሽገውም።

ሬክስ ከፈረሰ ወጥ ቤት ሰማያዊ ፎርማይካ የተለበጠ ጣውላ አገኘ፤ ልክ የሱቃችንን ማሽን የመሰለ ሰማያዊ፣ ፊትሽን የምታዪበት። እንደኔ ያለችን ሴት ለምታውቁ ማስረዳት የለብኝም። ሶፋዬን የሸፈነው ላስቲክ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አልተነሣም። ደህና ፊት ያለው ዕቃ ፊቱ አይነካም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ የዚያ የግሪክ ደሴታችን ሴት ሁሉ እንዲሁ ናት። ወርክሾፑ ስገባ ሬክስ ሙጫ ይዞ ወረቀቱን ሰማያዊው ፊት ላይ ሊለጥፍ ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ወረቀቱን ለጥፌ ነጥቦቹ ላይ ልበሳ ነዋ።»

«ሙጫው አንጸባራቂውን ይልጠዋል! በጀርባው ለጥፍና ከጀርባ ብሳው።»

«ስታማትያ፣ እንጨት ከጀርባ ሲበሳ...»

«ሬክስ! ሠላሳ አንድ ዓመት ባንኮኒ ስወለውል ነው የኖርኩት። ፎርማይካ ልታስተምረኝ ነው?»

ጣውላውን ገለበጠው። እኔን የሚከራከር ወንድ በዚህ ከተማ የለም፣ ያን ቀን ግን ቢኖር ምን ነበረበት። ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ፤ አርባ ሦስት፣ አርባ አራት። ከአርባ ሲያልፍ ሽማግሌዎቹ እንዳይወድቁ ወርክሾፑ ይዘጋል። ስምንት ቀን ተዘጋ። እኔ ስምንቱንም ቀን በሩ ላይ ሄጄ ቁልፉን ነቀነቅኩ። ልጄ ቤት ውስጥ የእንቁላልና የሎሚ ሾርባዬን በማንኪያ ጫፍ እየተቀበለ ግማሹን ይተፋል፣ በግማሹ ይታነቃል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል፤ ሲያልቅ እሱም ላብ በላብ፣ እኔም ላብ በላብ። ደረቱን እያሸሁ የጎድን አጥንቱን ቆጥሬያለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ሬክስ ሰሌዳውን ተሸክሞ መጣ። ሰማያዊው ያበራል። አዲስ ማንሻ፣ አዲስ ቀይ ቁልፍ፣ ከሥር ሽቦው በሥርዓት ታስሮ። ማሽኑን ሰካነው፣ ጢንዚዛዎቹ ከነሙዚቃቸው ተነሡ። ወንበሩን አስጠግቼ እጁን አነሣሁና ሰሌዳው ላይ አኖርኩት።

አውራ ጣቱ ባዶ ፎርማይካ ላይ አረፈ። ማንሻው በትንሿ ጣቱ በኩል ቆሟል።

ሬክስ አየ። እኔም አየሁ። እጁን አንሥቼ እንደገና አኖርኩት፤ ሰሌዳው አፍሮ የሚስተካከል ይመስል።

«ይሄ የግራ እጅ ነው» አለ ፓንተሊስ። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ መታነቅ። ጀርባውን ስደበድብ ቆየሁ። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «የሞተውን እጄን አስታውሳችሁ ነው? አመሰግናለሁ» አለ።

«ከጀርባ ተበስቶ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል» አለ ሬክስ ቀስ ብሎ። «ልነግርሽ ነበር። ከዚያ እኔም ረሳሁት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው!»

«ሌላ ቁረጥ!»

«ነገ ሐሙስ ነው ስታማትያ። ጣውላ ከየት አመጣለሁ፣ መቼ እበሳለሁ...»

ሰሌዳውን ከነሽቦው ነቅዬ በጓሮው በር ወረወርኩት። ወንዶቹን ያን ያህል ያስደነገጠ ነገር አላውቅም። ሰሌዳው ሲሚንቶው ላይ ፊቱን ደፍቶ ወደቀ። እኔም ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ያን ሰሌዳ ስረግም፣ ሰማያዊውን ስረግም፣ ያን ላስቲኩ የማይነሣለትን ሶፋዬን ሁሉ ስረግም ቆየሁ።

ስረግም ዓይኔ ሰሌዳው ጀርባ ላይ አረፈ። የካላንደሩ ወረቀት አሁንም እንደተለጠፈ ነው። ሁለት ቀይ ነጠብጣብ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ በግራ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ወደ መሐል። ትክክል። ቀዳዳው እኮ ያው ቀዳዳ ነው።

«ሬክስ! ገልብጠው!»

«ምኑን?»

«ሰሌዳውን ነዋ፣ ሱሪህን ነው? ሻካራው ጀርባ ወደ ላይ ይሁን። ማንሻውንም ቁልፉንም ፈትተህ ከዚህኛው በኩል እሰራቸው።»

አጎነበሰና አየ። ከንፈሩን ነከሰ። «ይሆናል... ይሆናል። ግን ማንሻውን የሚይዙት አራት ብሎኖች ሰማያዊው ፊት ላይ ነው የሚመቱት። ይሰነጣጠቃል።»

«ምታው!»

«ፊቱም ከታች ሆኖ ማንም አያየውም።»

«ምታው አልኩህ!»

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። ሰሌዳው እንደ መጋዘን በር ሻካራ ነበር፣ ድልሁም እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ፓንተሊስን አስጠጋን። አውራ ጣቱ ማንሻው ላይ፣ ሌባ ጣቱ ቁልፉ ላይ፤ ልክ እንደ ጓንት። እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ከፈትኩ።

«ተኩስ» አልኩት።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነጣ። ቁልፉ አልወረደም።

«ተኩስ እንጂ!»

«እየተኮስኩ ነው እማ» አለ።

አዲሱ ቁልፍ ከሥሩ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው፤ ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ለጤነኛ ሰው ደስ ይላል ቀጭ ማለቱ። የእኔ ልጅ ግን ስፕሪንግ የሚያሸንፍ ጣት የለውም። ሬክስ ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ተኩል። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ግን ያ አሮጌ ማሽን ሲበላሽ ጠጋኙ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጅ ስለነበር ሠላሳ ዓመት ሆዱን ከፍቼ የጠገንኩት እኔ ነኝ። የድሮው ቁልፍ ስፕሪንግ የለውም። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ምላሶች አሉት፤ ሲነካኩ መርከቧ ትተኩሳለች፣ ሲለያዩ ዝም ትላለች። ክፍተቱን ማጥበብ በጣት ጥፍር ነው።

«ካቻቪቴ ስጠኝ» አልኩት ሬክስን። «ፒንሳም።»

የድሮውን ቁልፍ ከድሮው ሰሌዳ ነቀልኩ፣ አዲሱ ላይ ገጠምኩ፣ ሬክስ ሽቦውን አሰረው። ምላሶቹን አቀራረብኩ። «ሞክር።» አልሆነም። ይበልጥ አቀራረብኩ። አልሆነም። መነጽሬ በላብ ተጋረደ። በመጨረሻ በመሐላቸው የሲጋራ ወረቀት እንኳ የማይገባ አደረግኳቸው።

መርከቧ ተኮሰች።

«ጎበዝ!» አልኩ። «አየህ? አየህ አንተ ልጅ?»

ተኮሰች። ደግማ ተኮሰች። ቀጠለች፤ ሳታቋርጥ ትተኩሳለች። ወደ ጣቱ ጎንበስ አልኩ። ከቆዳው ሥር ሥጋው ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ዝናብ ጠብታ፤ በሽታው የሚያደርገው ነው፣ እሱ የሚያዘው አይደለም። ክፍተቱን በጥቂት አሰፋሁ፤ ዝም አለ፣ ሲጫንም ዝም አለ። አጠበብኩ፤ በራሱ ተኮሰ። አሰፋሁ። አጠበብኩ። በሁለቱ መሐል ቦታ አልነበረም። ፈለግኩት፣ እምላለሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኩት፣ አልነበረም። ያ ደግሞ ሳያንስ አውራ ጣቱ ማንሻውን መግፋት አቁሟል። ድልህ የቀባሁት ቀን ይገፋ ነበር። ስምንቱ የሙቀት ቀናት ወሰዱት።

«በቃ» አለ ፓንተሊስ። «በገዛ እጄ ነው ያልኩሽ። ይሄ እኔ አይደለሁም፣ የሚተኩሰው በሽታው ነው። አንሺኝ እማ።»

«አላነሣህም።»

«ሬክስ፣ አንሣኝ።»

ሬክስ ወደ እኔ አየ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሰው መላ ሲያጣ እጁ ያገኘውን ይይዛል፣ እኔም ማንሻውን ያዝኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የወለወልኩትን ማሽን አንድ ቀን ተጫውቼበት አላውቅም።

«አንተ ተኩስ፣ እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ጢንዚዛዎቹ ወረዱ። ወደ ግራ ስገፋ መርከቧ ግድግዳው ላይ ተለጠፈችና እዚያው በሏት።

«ቀኝ!» አለ። «ቀኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«እየሄድኩ ነው!»

«ያ ግራ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ማንኪያ የምትይዢበት እጅሽ!»

ሁለተኛዋም ሞተች። ሦስተኛዋ ስትመጣ ላብ ዓይኔ ገባ፣ ጢንዚዛውም ላቡም አንድ ሆነብኝ። ልጄ አፉ አረፋ እስኪደፍቅ ይሰድበኛል፤ አህያ ይለኛል፣ የአህያም አህያ ይለኛል። ከገና ወዲህ እንዲህ ብዙ ቃል ሲያወጣ አልሰማሁም።

«ስታማትያ» አለ ሬክስ። «ስታማትያ፣ እግሩን ተመልከቺ።»

አየሁ። ቀኝ እግሩ፣ ካልሲ የለበሰው፣ የወንበሩ መርገጫ ላይ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ግራ ይዞራል። ጢንዚዛው ከመውረዱ በፊት ይቀድማል። ተረከዙ ተተክሎ ጣቶቹ መርከቧን ይነዳሉ፤ እኔ በማንሻው ስገድላት እሱ በእግሩ እያተረፋት ነው።

ማንሻውን ለቀቅኩ። መርከቧ ሞተች፣ ማሽኑም ጨዋታው አበቃ አለ።

ሬክስ ተንበርክኮ ሜትሩን አወጣ። «ለእግር ሰሌዳ እሠራለታለሁ። ለመንጃም ለመተኮሻም እግሩ ይበቃል፤ ጉልበት አለው ገና። ሰፊ መርገጫ፣ ከሥሩ እነዚያን የመዳብ ምላሶች።»

«ስንት ቀን?» አለ ፓንተሊስ። ሬክስን ነው የጠየቀው።

«ሙቀቱ ካልመጣ ሦስት ሳምንት።»

«አንድ ሳምንት አድርገው።»

«አልችልም ወንድሜ። ዛሬ ያየኸው ጥድፊያ ነው።»

ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «ሦስት ሳምንት ሳትበላ አትቆይም» አልኩት። «ማንም አያቆይህም። አጥንትህን ነው እዚህ ወንበር ላይ የማስቀምጠው፣ አጥንት ደግሞ ጢንዚዛ አይገድልም።»

«ውላችን በእጅ ነበር። አላጫወትሽኝም።»

«አላጫወትኩህም። አልቻልኩም። ውሉን እኔ ነኝ ያፈረስኩት፣ ስደበኝ። ግን ደውል።»

ማሽኑን አየ። ጢንዚዛዎቹ ማንም ሳይኖር ለብቻቸው ይወርዳሉ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ «እንዳንቺ የሚነዳ ሰው አይቼ ሞቼ ብቀር ነውር ነው» አለ። «ደውይ።»

ደወልኩ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ያነሣችው ነርስ ናት። «እማማ፣ ከእርስዎ መቀበል አልችልም። በሽተኛው ራሱ ሲል መስማት አለብኝ» አለች። ስልኩን አፉ ላይ ያዝኩለት።

«እፈልጋለሁ» አለ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

«እፈልጋለሁ።» ለእኔ ግልጽ ነው። ለሷ ግን ውሃ ውስጥ የሚያወራ ሰው ነው።

«አቶ ፓንተሊስ፣ አልገባኝም። ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ እሱ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ሬክስ ግድግዳ ይዞ ቆሟል። ልጄ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ትከሻው እስኪነሣ ሰበሰበ፣ አንዷን ቃል እንደ ድንጋይ ገፍቶ አወጣት።

በዚያኛው ጫፍ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲነካካ ሰማሁ። «ገባኝ» አለች። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ይምጡ። መጀመሪያ ትንፋሹ ይለካል፤ ከወረደ ሐኪሟ ትመልሰዋለች፣ ይሄን ይወቁት። አደራዎን ደግሞ ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ምግብ እንዳይሰጡት።»

ለልጅሽ ምግብ አትስጪ የሚለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ። ለሷ ግን፣ «እሺ የኔ ልጅ» ብቻ አልኳት።